ሽማግሌ ለምን ይከሳል?

በአገራችን የሰውን ክብደት ለመገመት ሚዛን አያስፈልግም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘመዱን ያገኘ ሰው ተሳስሞ ሳይጨርስ «ምነው ከሳህ?» ይላል፤ ወይም «ተመስገን፣ ተመችቶሃል፤ ፊትህ ወዝቷል» ይላል። ይህን ሲናገር ኪሎ አልቈጠረም፤ ዐይኑ በቅቶታል። በሌላው አገር ሰው ዘንድ እንዲህ ያለው ንግግር ነውር ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን ጠያቂው ስለ ወዳጁ ጤናና ኑሮ መጠየቁ ስለ ሆነ ማንም አይቀየምበትም።

በመስቀል፣ በገና ወይም በፋሲካ ዕረፍት ከደብረ ማርቆስ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወላጆቹ ቀዬ የሚሄደው ተማሪ ወይም ጸሐፊም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ወደ ሰሜን በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ቢወጣ፣ ወይም በሉማሜና በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ቢሄድ፣ ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚቀበሉትን አባቱን አይቶ «ምነው አባባ፣ ከሱብኝ?» ይላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ዕድሜ ነው ልጄ፤ ሌላ ምን አለ» ይሉታል። ልጁም መልሱን ተቀብሎ፣ ሦስት አራት ቀን ሰንብቶ፣ ተመርቆ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኛ ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ያችን አንዲት መልስ ነው። በእርግጥ ዕድሜ ብቻውን ሰውን ያከሳልን? የሚያከሳ ከሆነስ ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው? ምን ያህልስ ያከሳል? ነገሩ ለጨዋታ ያህል የሚነሣ አይደለም። «ዕድሜ ነው» የተባለው ክሳት አንዳንድ ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ፣ አንዳንድ ጊዜ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ ጊዜም ካንሰር ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህም መካከል በጊዜ ከተደረሰበት ፈጽሞ የሚድን አለ።

ተራራ የሚወጣና የማይወጣ መንገደኛ

የሰው ክብደት ከወጣትነት እስከ እርጅና የሚሄድበት መንገድ በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲጠና ኖሯል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ፣ በባልቲሞር ደግሞ ከ1958 ጀምሮ ያንኑ ሰው እየመላለሱ የሚመረምሩባቸው ጥናቶች ተቋቁመዋል። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የተገኘው ነገር ባጭሩ ቢነገር እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ከ20 ዓመቱ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይሄድና እስከ 60 ዓመት አካባቢ ይወፍራል፤ ከዚያም ጥቂት ዓመታት ባለበት ይቆያል፤ ከ70 ወይም ከ75 ዓመት በኋላ ደግሞ መቀነስ ይጀምራል። ተራራ ወጥቶ፣ በአምባው ላይ ጥቂት ዐርፎ፣ በማዶው በኩል እንደሚወርድ መንገደኛ ማለት ነው።

የጎጃም ደጋ ገበሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ተራራ አይወጣውም። ከማረስ እስከ ማጨድና መውቃት ድረስ በጉልበቱ የሚያድር ስለ ሆነ የሚበላው ሁሉ በሥራ ያልቃል። በ25 ዓመቱ የለበሰው ሱሪ በ45 ዓመቱም አይጠብበውም። ስለዚህ የሚወርደው ከሜዳ ተነሥቶ ነው። እንዲህ ባለው በእጅ ሥራ በሚኖር የገጠር ሕዝብ ዘንድ ክብደት በመካከለኛው ዕድሜ ብዙ እንደማይጨምርና መቀነስም ቀደም ብሎ እንደሚጀምር በብዙ አገር ታይቷል። ጥሪት የሌለው ሰው ከጎተራው ጥቂት ሲጐድልበት ወዲያው እንደሚሰማው ሁሉ፣ ገበሬውም ሦስት ኪሎ ቢቀንስ ጉዳቱ ወፍራሙ የከተማ ሰው ዐሥር ኪሎ ከቀነሰው ይበልጥ ሊከፋ ይችላል።

ደብረ ማርቆስ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከአዲስ አበባም 300 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ናት። በውስጧ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውለው የቢሮ ሠራተኛና ነጋዴ አለ፤ ከከተማይቱ ጥቂት ወጣ ሲሉ ደግሞ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ ማሳው የሚሄደው የጎዛምን ገበሬ አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ፊደል ቈጥሮ ከተማ የቀረ፣ አንዱ የአባቱን ርስት የያዘ። በ55 ዓመታቸው ጎን ለጎን ቢቆሙ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ከፊታቸው እንጂ ከወገባቸው ማወቅ አይቻልም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በየቤቱ እየገባ ሰው ሲመዝን ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት ነበር የወሰደው። በየቀበሌውም ሚዛን ተሰቅሎ ወይም ተዘርግቶ ብናይ ብዙውን ጊዜ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የቀረበ ነው። ይህ በራሱ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም 60 ዓመት ያለፈው ሰው ሳይታመም ወደ ሚዛን የሚጠራበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። አሮጌ ሰው የሚመዘነው ሐኪም ቤት በተኛ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም ቀድሞ ስንት ኪሎ እንደ ነበረ የሚያውቅ አይገኝም።

ሚዛኑ የማይናገረው

ሰውነት ከአንድ ነገር ብቻ የተሠራ አይደለም። አጥንት አለ፣ ጡንቻ አለ፣ ስብ አለ፣ ውሃ አለ። ሚዛን የሚነግረን ድምሩን ብቻ ስለ ሆነ፣ ቍጥሩ ለዐሥር ዓመት ሳይለወጥ ኖሮ በውስጡ ግን ብዙ ነገር ተለዋውጦ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚሄደው ጡንቻ ነው። ሰው 30 ዓመት ካለፈው በኋላ በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 ዓመት በኋላ ደግሞ አካሄዱ ይፈጥናል። ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ነገር ሳርኮፔኒያ የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን «የሥጋ ማነስ» ማለት ነው። እኛ «መነመነ» የምንለው ለዚህ ሳይቀርብ አይቀርም። የሄደው ጡንቻ ቦታውን ለስብ የለቀቀ እንደ ሆነ ሚዛኑ ምንም አያሳይም። ጡረታ የወጣው የከተማ ሰው ሆዱ እንደ ቀድሞው ገፍቶ እግሩ ግን ቀጥኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው «ጋሼ እገሌ እኮ አልከሱም» ይላል፤ ጋሼ ግን ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሣት እጃቸውን መደገፍ ጀምረዋል።

ቁመትም እንደዚሁ ይቀንሳል። በአከርካሪ አጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ እየሳሳ፣ አጥንቱም እየተጫነ ስለሚሄድ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ሰው በየ10 ዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ በሸመገለ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ይህ ነገር ሒሳብ ያበላሻል። እንዴት ቢሉ፣ ሐኪሞች ሰው መክሳቱንና አለመክሳቱን የሚለዩት የቤልጅጉ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ19ኛው ምዕት ዓመት ባወጣው ስሌት ነው። ስሌቱም ኪሎውን በቁመት ሜትር፣ አሁንም በቁመት ሜትር ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ከሲታ፣ ከ25 በላይ ከሆነ ወፍራም ይባላል። እንግዲህ በ45 ዓመቱ 58 ኪሎ የሚመዝንና 1.68 ሜትር የሚቆም ገበሬ እናስብ፤ ስሌቱ 20.5 ይሰጣል፤ ደኅና ነው። ይኸው ሰው በ70 ዓመቱ 50 ኪሎ ሆኖ ቁመቱም 1.65 ቢደርስ 18.4 ይወጣል፤ ከወሰኑ በጥቂቱ ዝቅ አለ ማለት ነው። በቀድሞው ቁመቱ ብናሰላው ግን 17.7 ነው። ስለዚህ የጐበጠ ሽማግሌ ቁመት ተለክቶ የሚሰላ ቍጥር ክሳቱን ይሸፍንለታል።

ወሰኑም ራሱ ለወጣት የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 200 ሺህ ያህል ሰዎች የተካተቱባቸው ጥናቶች ባንድነት ሲመረመሩ፣ የሞት አደጋ ከፍ ማለት የጀመረው ስሌቱ ከ23 በታች በሆኑት ላይ ነበር። ጥናቶቹ በአብዛኛው የባለጸጋ አገሮች ስለ ሆኑ እንዳለ ገልብጦ ወደ ጎጃም ማምጣት አይገባም። ሆኖም ሰው በሸመገለ ጊዜ ጥቂት ሥጋ ቢኖረው እንደሚጠቅመው ያመለክታል። ወጣቱን «ቦርጭህን ቀንስ» የሚለው ምክር ለሰባ ዓመት አዛውንት ሳይመዘን ሊሰጥ የሚገባው አይደለም።

ያልተመለሰው ኪሎ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሽማግሌ የሚያንሰው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው መልስ «ስለማይበላ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የማይበላው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2021 ከ29 አገሮች የመጡ ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎች በቀን የሚያቃጥሉት ኀይል የተለካበት ጥናት ታትሞ ነበር። ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲነጻጸር ሰው ከ20 እስከ 60 ዓመቱ የሚያቃጥለው ኀይል እምብዛም አይለወጥም፤ ከ60 በኋላ ግን በየዓመቱ ከመቶ 0.7 እጅ ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሽማግሌው ትንሽ ቢበላ በከፊል አያስደንቅም፤ የሚያስፈልገው ራሱ ቀንሷል። ከዚህም በቀር ምላስና አፍንጫ ጣዕምንና ሽታን እንደ ቀድሞው አይለዩም፤ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ ሰውዬው ጥቂት ጕርሻ ወስዶ «ጠገብሁ» ይላል። አልዋሸም፤ በእርግጥ ጠግቧል።

ከሁሉ የበለጠ ነገሩን የገለጠው ግን ሱዛን ሮበርትስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ሙከራ ነው። ወጣት ወንዶችንና በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ወስደው ለሦስት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው በታች አበሏቸው፤ ሁሉም ቀነሱ። ከዚያ በኋላ «አሁን እንደ ፈቀዳችሁ ብሉ» አሏቸው። ወጣቶቹ ከልማዳቸው አብልጠው በልተው የጐደለውን ኪሎ መለሱ። ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ቀድሞው ብቻ በሉ፤ የሄደባቸውም ኪሎ አልተመለሰም። ሰውነት የጐደለውን ዐውቆ «አምጣ» የሚልበት ደወል በእርጅና ጊዜ ድምፁ ይደክማል ማለት ነው።

ይህን ሙከራ ይዘን ወደ ጎጃም ደጋ ብንመለስ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። የገበሬው ዓመት ለሰውነት አንድ ዓይነት አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር አጨዳና ውቂያ ነው፤ ጎተራው ይሞላል፤ ገናና ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ይውላሉ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ክረምት ነው፤ እህሉ አልደረሰም፤ ያለፈው ዓመት እህል ደግሞ እያለቀ ነው፤ አረሙና ጕልጓሎው ግን ሰውን ሙሉ ጕልበቱን ይጠይቀዋል። በገጠር የሚኖር ሕዝብ በዝናም ወራት ክብደት እንደሚቀንስና ከመኸር በኋላ እንደሚመልስ በአገራችንም ሆነ በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ መንደሮች በሚገባ ተመዝግቧል። ለ30 ዓመቱ ገበሬ ይህ የሚሄድና የሚመለስ ነገር ነው። ለ72 ዓመቱ አባቱ ግን፣ የሮበርትስን ሙከራ ካመንን፣ በነሐሴ የወጣው ኪሎ በጥር ሙሉ በሙሉ አይገባም። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ኪሎ ይወጣል፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሰውዬው በአንድ ቀን አልከሳም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የወረደው። ልጁ በዓመት አንድ ጊዜ በመስቀል ስለሚመጣ እያንዳንዱን ደረጃ ትንሽ መስሎ ያየዋል።

በዚህ ላይ ጾም አለ። ምእመናን በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናትና ጽኑዓን ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ይጾማሉ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት 43፣ ፍልሰታ 15 ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይረሱም። ጾሙን የሚያጠብቁት ደግሞ በተለይ አዛውንቶችና መነኰሳት ናቸው፤ ወጣቱ በቁርስ ሰዓት ሲቀመጥ እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ። ጾም በራሱ ጤናማውን ሰው አይጎዳም፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው በበቂ ከተገኘ ፕሮቲን የሚባለው ሥጋ ገንቢ ነገር አይጠፋም። የሚያስቸግረው ፍልሰታ ከክረምቱ ችግር ጋር መገጣጠሙና ለምሽቱ ማዕድ የተረፈው እንጀራ በድልህ ብቻ ሲሆን ነው። የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ የሚፈቀድለት ሥርዓት እንዳለ የታወቀ ሲሆን፣ ብዙ አረጋውያን ግን «እኔስ አልታመምሁም፤ አርጅቼ ነው» ብለው አይጠይቁም። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ ለመንገር የሚከብደው ልጅ ንስሐ አባታቸውን ቀስ ብሎ ቢያማክር ይቀለዋል።

ስለ ጥርስ ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቆሎና ቂጣ ጥርስ ይፈልጋሉ፤ ሥጋም እንደዚሁ። ጥርስ ያጣ ሰው ወደ ፍትፍትና ወደ ሙቅ ይዞራል፤ ሙቁ ውሃው በዝቶ ዱቄቱ ካነሰ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አያለብስም።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ብቻ መብላት ነው። ከአንድ መሶብ ዙሪያ ስድስት ሰው ሲቀመጥ ሁሉም አብልጦ ይበላል፤ ሽማግሌም ጕርሻ ይደርሰዋል። ልጆቹ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዐረብ አገር ከተበተኑ፣ ባለቤቱም ከሞተች በኋላ ግን ለአንድ ሰው ብሎ ምድጃ የሚያነድ ጥቂት ነው። ባልቴቲቱም ብትሆን የልጅ ልጅ ካለ የራሷን ፋንታ ለእርሱ ታካፍላለች። ሐዘን ራሱ ያከሳል፤ ሐኪሞች የመንፈስ ጭንቀትን ከአረጋውያን ክሳት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል።

«ዕድሜ ነው» የማይባልበት ጊዜ

የእርጅና ክሳት ዝግተኛ ነው፤ በዓመት ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ወሰን አበጅተዋል። ሰው ሳይፈልግ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ከቀነሰ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ መመርመር አለበት። 52 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 2.6 ኪሎ ብቻ ነው። በዐይን ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ጋቢ ደግሞ ሁሉን ይሸፍናል።

ከክሳቱ ጋር ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታ ማስመርመር ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። ውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ካለ ስኳር መለካት ነው። ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ከታየ ነገሩ ከዚያ የባሰ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ማደር አይገባም። የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ከበዛ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜም ምክንያቱ ለሌላ በሽታ የሚወሰደው ኪኒን የምግብ ፍላጎትን ዘግቶት ይሆናል። ይህን የምናወሳው አንባቢው ራሱ ሐኪም እንዲሆን አይደለም፤ ሐኪሙ ሲጠይቀው የሚመልሰው እንዲኖረው ነው። «መቼ ጀመረው? ስንት ኪሎ ነበሩ?» ሲባል «እኔ እንጃ፤ ድሮም ቀጭን ነበሩ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ያባክናል።

መጨመርም ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ የጨመረ፣ እግሩ ያበጠ፣ ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው አዛውንት አልወፈረም፤ ልቡ ደክሞ ውሃ ቋጥሯል። ዘመድ «ተመስገን፣ ፊትዎ ሞላ» እያለ ሲያመሰግን እርሳቸው በውሃ እየሰጠሙ ሊሆን ይችላል።

ሚዛንና የእጅ ጣት

ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረው የፓዱዋው ሐኪም ሳንቶሪዮ ከትልቅ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ ለ30 ዓመት ያህል ራሱን ሲመዝን ኖረ። የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሁሉ እየመዘነ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1614 አሳተመ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከማንም አይጠበቅም። ከእርሱ የሚወሰደው ግን አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቀን የተመዘነ ሰው ምንም አልተመዘነም፤ ጥቅሙ መደጋገሙ ነው።

በደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ለጥቂት ሳንቲም ሰው የሚመዝኑ ልጆች እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ይታያሉ። በጤና ጣቢያም ይገኛል። አባቱን ለገበያ ቀን ያገኘ ልጅ ጋቢውንና ጫማውን አስወልቆ ቢያስመዝናቸውና ቍጥሩን ከነቀኑ ቢጽፍ ሥራው ተፈጸመ። የአንዱ ሚዛን ከሌላው ስለሚለያይ በተቻለ መጠን ያንኑ ሚዛን መመለስ ይበጃል።

ሚዛን በሌለበት መንደር ደግሞ ባት ይለካል። በልብስ ሰፊ ሜትር የባት ወፍራሙ ቦታ ተለክቶ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የጡንቻ መሳሳት ምልክት ነው። ጃፓኖች ደግሞ ሜትርም አያሻቸውም፤ አዛውንቱ በሁለት እጃቸው አውራ ጣትና አመልካች ጣት ቀለበት ሠርተው የራሳቸውን ባት ያቅፋሉ። ጣቶቹ ካልተገናኙ ጡንቻው አለ፤ ተገናኝተው ክፍተት ከተረፈ ግን ሥጋው ሄዷል ማለት ነው። በጎጃም ደጋ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ስለ ሆነ ያበጠ ባት ወፍራም ይመስላል። እንዲህ ላለው ሰው ክንድ እንጂ ባት አይለካም።

ምን ይደረግ?

ለሸመገለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ ይህ ለወጣት ከሚመከረው 0.8 ይበልጣል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለ50 ኪሎ ሰው ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም፤ 100 ግራም የደረቀ ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር ደግሞ ከ22 እስከ 25 ግራም። ጎጃም በጥራጥሬ የማይታማ አገር ስለ ሆነ ችግሩ ሁልጊዜ የእህል ማጣት አይደለም፤ ለሽማግሌው ጥርስ እንዲስማማ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ወፈር ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ባቄላ የገባበት ሙቅ፣ የተቀቀለ ክክ፣ በፍስክም እርጎና አይብ ያለ ጥርስ ይበላሉ። ሙቁ ላይ ጥቂት ቅቤ ወይም በጾም የኑግ ዘይት ጣል ማድረግ መጠኑን ሳያበዛ ኀይሉን ይጨምረዋል። ቶሎ ለሚጠግብ ሰው ከሁለት ትልልቅ ማዕድ አራት ትንንሽ ይሻላል።

ምግቡ ብቻውን ግን ጡንቻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪያ ፊያታሮን የተባሉት ሐኪም በቦስተን በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 10 ሰዎችን፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሚደርስ፣ ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ አሠለጠኗቸው። አንዱ ሲቀር ሥልጠናውን የፈጸሙት ዘጠኙ የእግራቸው ጕልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እንግዲህ «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እንሠራለን» እያልን አዛውንቶችን ከሥራ ሁሉ የምናርቅበት ፍቅር ምን ያህል እንደሚጠቅም ማሰብ ነው። ከብት ማሰማራት፣ አጥር ማጠር፣ ዳገት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ እነዚህ ሁሉ ለጡንቻ ደኅና ናቸው። ከተማ መጥተው ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ግን ከሶፋ ወደ አልጋ ብቻ ስለሚመላለሱ በስድስት ወር ውስጥ እግራቸው ሲሰንፍ ይታያል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለጀማሪ የሚበቃ ሥራ ነው።

ስለ ሚዛኑ አንድ ነገር ቀርቷል። የነሐሴን ቍጥር ከጥር ቍጥር ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ክረምቱ ራሱ ያሳስታል። በጥምቀት ሰሞን የተመዘኑትን አባት በሚመጣው ጥምቀት መልሶ መመዘን ነው፤ በመካከሉ በቡሄ ጊዜ አንድ ቍጥር ከተገኘ በክረምት ምን ያህል እንደ ወረዱ ያሳያል። ወረቀቱም የሚቀመጠው በልጁ ኪስ ሳይሆን በቤታቸው፣ ከማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተራቸው ጋር ነው፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ጎረቤት ሊሆን ይችላልና።